የተዘጋችው ሳጥን

ፕሮግራመሩ ካርድ ክፍል በመጣ ቁጥር የኮምፒውተር ገመድ ሊያይ ነው የሚመጣው። ገመዱ ምንም አልሆነም። የሚያየው የካርድ ክፍሏን ልጅ ነው።

የክሊኒኩን የምዝገባ ቅጽ በኮምፒውተር የሠራላት እሱ ነው። ታካሚው ወንድ ነው ብላ ከመረጠች የእርግዝናው ጥያቄ ይደበዝዛል፤ ብትጫነውም አይጻፍበትም። ያሳያት ቀን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ጎሽ! ለአንዳንድ ሰው አፍም እንዲህ ያለ ቢሠራለት!»

ያ ሳቅ የእሱ ብቻ መስሎት ነበር። ከቅጹ ግርጌ ግን ማስታወሻ የምትባል ሳጥን አለች፤ መድኃኒት ቤቱ ለካርድ ክፍል የሚለው ካለው እዚያ ይጽፋል። የመድኃኒት ቤቱን ሰው ሁሉም «ሽቶው» ይሉታል፤ ከእሱ ቀድሞ ጠረኑ ይደርሳል። ልጅቷ የሽቶውን ጽሑፍ ስታነብ ፈገግ ትላለች፤ ፕሮግራመሩን ሰረቅ አድርጋ ታይና ቶሎ ታጠፋዋለች።

«ምን አለ?»

«የሥራ ነው።»

የሥራ ጉዳይ ሰውን እንዲህ ያሽኮረምማል? ደሙ ፈላ። ቢሮው ሄዶ ቅጹ ላይ አንዲት ትእዛዝ ጨመረ፤ ቅጹን የከፈተው ሰው ከመድኃኒት ቤት ከሆነ ማስታወሻዋ ትደብዝዝ።

በማግስቱ፣ መጻፍ ያቃተው ሽቶው ራሱ በእግሩ መጣ። ደግሞ መጣ። መስኮቷ ላይ በክርኑ ተደግፎ ያንሾካሹካል፤ እሷ ትስቃለች። ፕሮግራመሩ ገመዱን እንደያዘ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሰማ። ሰውየውን ከሳጥን አውጥቶ መስኮቷ ላይ ያቆመው እሱው ራሱ ነው።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ መድኃኒት የሚጠብቁ አንዲት እናት ተቆጡ።

«ኧረ ልጄ፣ ቆሜ ቀረሁ እኮ! ሥራህ እዚህ ነው እዚያ?»

«መጣሁ እማማ!» ብሎ ሽቶው እየሮጠ ተመለሰ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች።

«ውጣ እስቲ። ሳጥኗን የዘጋኸው አንተ ነህ?»

ገመዱን እንደያዘ ወጣ።

«ሰው ተጉላላ እኮ!»

«ቀንቼ ነው» አለ። ለማንም ብሎት የማያውቀው ቃል ነበር።

ትክ ብላ አየችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ክፈታት።»

ከፈታት። ብዙም ሳይቆይ ከመድኃኒት ቤት ጽሑፍ መጣ። ዛሬ አላጠፋችውም፤ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

«ያ ሰውሽ ዛሬስ ተናገረ? ወይስ አሁንም ገመድ ያያል?»

ፕሮግራመሩ ጆሮው ድረስ ጋለ። የያዘውን ገመድ የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

«ምን ብዬ ልመልስለት?» አለችው።

«ገመዱ ደህና ነው በይው።»

«ሌላስ?»

አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አነሳችለት። ተቀመጠ።

«ተናግሯል በይው።»