ልጓሙን ሳብ!

ዳንግላ፣ አውሮፕላን ከሚያርፍበት መስክ አጠገብ፣ ባላምባራስ ገበየሁና ሚስቱ እታለማሁ ከአንድ ልጃቸው ከደርበው ጋር ይኖሩ ነበር። ከደርበው በፊት የተወለዱትን ሁሉ አፈር በልቷቸዋል። እታለማሁ እሱን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ከማየት በቀር ከፈጣሪዋ የለመነችው ነገር አልነበረም። አባትም ይወደዋል... ግን እንዴት ያለ መውደድ! ዳማ ፈረሱን እንደሚወደው ነበር፤ ሰው ሲያይለት፣ ጠላት ሲቀናበት!

ደርበው ትምህርቱን ጨርሶ የአውሮፕላን አብራሪነት ሊማር ሄደ። በ1957 ዓ.ም. ለዘመን መለወጫ እረፍት ሲመጣ፣ ባላምባራስ ጠጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው።

«በጥር ጊዮርጊስ ሰሞን ለልምምድ ብቻዬን እያበረርሁ ወደ ዳንግላ እመጣለሁ» አለ ደርበው።

«እንግዲያው በቤቴ ላይ ዝቅ ብለህ እለፍ! የዚያን የዓለምነውን የሣር ክዳን ግለጥልኝ!» ዓለምነው በድንበር የሚካሰሱት ጎረቤታቸው ነው።

«አባባ፣ ክልክል ነው። ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ የሚዞር አውሮፕላን ይወድቃል። እኔ ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለብኝ» ብሎ ደርበው አፍሮ ሳቀ። «የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሲደፋ መሪውን ወደ ራሴ እስባለሁ። አስተማሪዬ ‹አንተ ፈረሰኛ! ግፋው እንጂ አትሳበው! ፍጥነት ሲያገኝ ያኔ ይነሣልሃል› እያለ ይጮህብኛል።»

ባላምባራስ ጠጁ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። «አንገቱን የደፋ ፈረስ ይባስ ይገፋል? ይህን ያለህ ሰው ኮርቻ ላይ ወጥቶ አያውቅም! ፈረስ ሲደፋ ልጓሙን ሳብ! ከጡት ሳትወርድ ያስተማርሁህ ይኸንኑ አይደለም?»

«ኧረ እባክዎ ባላምባራስ! አስተማሪው ያለውን ይስማ» አለች እታለማሁ።

«አንቺ ዝም በይ! ልጄን የሴት ልጅ ልታሰኚው ነው?»

ምነው ያን ቀን ጮኻ አገር ባስነሣች! ምነው የልጇን እግር ይዛ በቀረች!

የጥር ጊዮርጊስ ሰሞን ደረሰ። ባላምባራስ የአካባቢውን ፈረሰኞች ከቤቱ ፊት ለፊት አሰልፎ ከጠዋት ጀምሮ ጠጅ ያጠጣቸው ነበር። እታለማሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፈጣሪዋን እየለመነች ደጅ ቆማለች። በቀትር ላይ ትንሿ አውሮፕላን መጣች። መጀመሪያ ከፍ ብላ ዞረች፤ ክንፏንም ወዝወዝ አደረገች። እልልታው ቀለጠ። እታለማሁ «ተመስገን፣ ልጄ ሰማኝ» አለች። ባላምባራስ ግን ዳማው ላይ ወጥቶ ጅራፉን እያወዛወዘ «ዝቅ በል! የማን ልጅ ነህ?» ይል ጀመር። ወይኔ! ልጁስ የአባቱን ፊት እንዴት ያሳፍር? ተመልሶ በባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ዝቅ ብሎ ዞረ። የሞተሩ ድምፅ ደከመ... አፍንጫዋ ደፋ አለ... ባላምባራስ በእርካቡ ላይ ቆሞ «ሳብ! ልጓሙን ሳብ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ አልሰማውም፤ መስማትም አላስፈለገውም። አውሮፕላኗ በኋላ እግሩ እንደሚቆም ፈረስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ በአንድ ክንፏ ተገልብጣ የዓለምነው ማሳ ላይ ተከሰከሰችና በእሳት ተያያዘች።

ፈረሶቹ በርግገው ፈረሰኛው ሁሉ ሲበታተን፣ ወደ እሳቱ የሮጠው ዓለምነው ብቻ ነበር። እጆቹ እስኪላጡ ድረስ ደርበውን ጎትቶ አወጣው። ምን ዋጋ አለው? እታለማሁ የደረሰችው የልጇ ትንፋሽ ካለፈ በኋላ ነበር።

በማግስቱ፣ ከቀብሩ በፊት፣ አስከሬኑ ባረፈበት ሜዳ ላይ ለቅሶ ሆነ። ባላምባራስ ዳማውን አስጊጦ የልጁን ቆብ በኮርቻው ላይ አኑሮ ያቅራራ ነበር። «ሰማይን የጋለበው ልጄ! የትኛው ጎረቤት እንዲህ ያለ ወልዷል?» አለ። ከአፉ የትናንቱ ጠጅ ይሸታል። እታለማሁ አንገሸገሻት። ይህ ሰው ከሬሳውም ላይ ኩራት ይለቅማል! ዓለምነው የተቃጠሉና በጨርቅ የታሰሩ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ በዳር ቆሞ ያለቅሳል፤ የገዛ ባሏ ይፎክራል!

በዚህ መካከል አስተማሪው የመቶ አለቃ ሽባባው መጥቶ ጎንበስ አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ባላምባራስ፣ እግዜር ያጥናዎ። ከተማሪዎቼ እንደሱ ትጉ አልነበረኝም። አንዲት አመሉን ብቻ ማስጣል አቃተኝ። ሲደፋበት ሳበ። መሪውን ለቆ፣ ገፋ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ፊቱ ባዶ መስክ ነበር፤ ይወጣ ነበር። ይህን ማን እንዳስለመደው እንጃ።»

ፉከራው ቆመ። ባላምባራስ አንገቱን ደፋ።

እታለማሁ ከለቀስተኛው መካከል ተነሣች። ከተጋቡ ጀምሮ ባሏን ከ«እርስዎ» በቀር ብላው አታውቅም።

«ንገረው እንጂ!» አለች። «አንተ! ማን እንዳስተማረው ንገረው! ምነው አንገትህን ደፋህ? ሳብ እንጂ! ልጓሙን ሳብ!»

ባላምባራስ ከእግሯ ላይ ወደቀ። «ማሪኝ እታለማሁ... ልጄን ገደልሁት» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ እግሯን ሰበሰበች። ሄዳ ዓለምነውን በክንዱ ይዛ አመጣችና ከልጇ ራስጌ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ኖሩ፤ መሶባቸው ግን ተለየ። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ «ዕጣው ነው፣ ሞቱ ከሰማይ የታዘዘ ነው» ይላታል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። የልጇ ሞት ከሰማይ አልመጣም፤ እዚሁ ከቤቷ፣ ከአባቱ አፍ ወጥቶ ተሳፍሮ ሰማይ ድረስ ሄደ እንጂ! ባላምባራስም ዳግመኛ ፈረስ አልጋለበም። አንዳንዴ ዳማው ደጅ ሲያሽካካ ብድግ ይላል፤ ልጓሙን ከግድግዳው ያወርዳል፤ እታለማሁም ከምድጃው ዳር ቀና ብላ ታየዋለች... እሱም መልሶ ይሰቅለዋል።