የዋሴ ማተብ

ዋሴ ዓርብ ጠዋት ሚክላት በሚሉት መጠለያ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በወደብ ከተማዋ ሮቫ ቴት በሚባል ሠፈር የሚገኝ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ በስካድ ሚሳይል ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ጭንብል አጥልቆ የተሸሸገበት። የዋሴ የኋላ ራስ ከብረቱ በር ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል። ዋሴ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደ እሱ ያሉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን እየሰበሰበ ስለ መብታቸው ሲያስተምር የከረመ ሰው ነው። በሳምንቱ ደግሞ ቴል አቪቭ በሚደረግ ስብሰባ ላይ በገዛ ስሙ ሊናገር ነበር። ይህ ከተሰማ ወዲህ ሠፈሩ እንቅልፍ አልነበረውም፤ የሰው ገበና ሲሆን የማይነቃ የለም።

መርማሪዋ ሓቫ ሬሳው አጠገብ አጎነበሰች። አንገቱ ዙሪያ ገረጣ ያለ ቀጭን መስመር አየች፤ ዓመታት የታሰረ ክር ከፀሐይ የከለለው ቆዳ። ክሩ ግን የለም። ሓቫ የጎንደር ልጅ ናትና ምን እንደነበረ ለመገመት አልተቸገረችም። ማተብ ነው።

ሬሳውን ያገኘው ኮቢ የሚባል የወደብ ሠራተኛ ነው። የሚክላቱ ቁልፍ በእጁ ነበር፤ ልብሱም በደም ተነክሯል። የዋሴ ወዳጅ እንደነበረ፣ አብረን አደባባይ እንውጣ ሲለው ፈርቶ እንደተጣላው፣ ሲያገኘውም አቅፎት እንዳለቀሰ ሳይደብቅ ተናገረ። ፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሓቫ ግን ኮቢን ይዛ ዋሴ ይኖርበት ወደነበረው ወደ እህቱ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

በሩን የከፈቱት የእህቱ ባል አባ ፈንታ ናቸው፤ የኦሪቱን ሕግ ከጎንደር እንዳለ ይዘው የመጡ አይሁዳዊ ሽማግሌ። ኮቢን በእጃቸው አገዱት።

«አንተ እዚያው ቁም። ሬሳ አቅፈሃል። ሰባት ቀን ሳትሞላ፣ ውኃ ሳትወርድ ቤቴ አትገባም። አንቺስ ልጄ?»

«አልነካሁም አባባ። በዓይኔ ብቻ ነው ያየሁት።»

ቤተሰቡ በጊዜ ተኝቶ እንዳደረ፣ ሞቱንም ጠዋት ከፖሊስ እንደሰማ አባ ፈንታ ነገሯት። ከቀድሞ ሚስታቸው የወለዱት ይስራኤል፣ ከጦር ሠራዊት ገና የወጣው ጎረምሳ፣ ከበረንዳው በመስኮት በኩል ያንኑ ደገመ። አልጋዬ ላይ ነው ያደርሁት፣ አሁን ሲጋራ ላጨስ ወጥቼ ነው አለ። ከአጠገቡ የተሰጣው ብርድ ልብስ ውኃ ያንጠባጥባል። መሬት ላይ ምግብ የተበላበት ሳህን አለ።

የሟቹ እህት የሺመቤት ኩሽና ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ሓቫ ስለ ማተቡ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። የሺመቤት ክርስቲያን ሆና አድጋ በአይሁዳዊ ባሏ ስም ወደዚህ አገር የመጣች ናት። የእሷን ማተብ አዲስ አበባ አውሮፕላን ሳትሳፈር በጥሳዋለች፤ ወንድሟ ግን እምቢ ብሎ እንዳሰረው መጣ። ሰው እንደ አንተ ያለ ክርስቲያን አይሆንም ሲለው፣ እሱ ማታ ማታ ይጸልይ ነበር።

«ክርስቲያን ነበር ብዬ ብናገር የዜግነት ወረቀቴን ይነጥቁኛል» አለች። «ዝም ካልሁ ደግሞ ወንድሜን ያለ ጸሎት፣ እንደ ውሻ መቅበሬ ነው።»

ሰንበት ሳይገባ ሓቫ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። አባ ፈንታና የሺመቤት ሳሎን ተቀመጡ። ኮቢ ደፉ ላይ ቆመ። ይስራኤል ከበረንዳው አልተንቀሳቀሰም።

«ይህ ክፍል ሁለት በር አለው» አለች ሓቫ። «በሁለቱም በር የማይገባ ሰው ቆሟል። የኮቢን ምክንያት አባባ ነግረውኛል። ይስራኤልስ?»

«ሲጋራ…»

«ከጠዋት ጀምሮ አንድም አላጨስህም። ብርድ ልብስህ ዝናብ ጠጥቷል፤ ዝናቡ ደግሞ ሊነጋ ሲል ቆሟል። በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ የሚያድርና የሚበላ ከቤት የተከለከለ ሰው ነው። አባባ፣ ፖሊስ ስለ ሞቱ ሳያውቅ፣ ልጅዎ ሬሳ መንካቱን እንዴት አወቁ?»

አባ ፈንታ ወደ በረንዳው አዩ።

«ለአንቺ ዋሸሁ» አሉ። «ለእግዚአብሔር መዋሸት ግን አልቻልሁም። ልጄ ነው፤ አሳልፌ አልሰጥሁትም። ከነርኩሰቱም አላስገባሁትም።»

ሓቫ ወደ ይስራኤል ዞረች። «ገፍትረኸው ብቻ ብትሸሽ ሬሳ ነካ አትባልም ነበር፤ ስትገፈትረው በሕይወት ነበርና። ከሞተ በኋላ ነው እጅህን የሰደድህበት። የወሰድኸው ነገር ነበር።»

በረንዳው ላይ በዕቃ ከተተከለው በሶብላ ሥር አፈሩ አዲስ ተቆፍሯል። ሓቫ ጣቷን ሰድዳ ጭቃ የለበሰ ጥቁር ክር አወጣች።

«ስማችንን አደባባይ ሊያወጣው ነበር» አለ ይስራኤል። «ተው ብዬ ለመንሁት፣ እምቢ አለኝ፣ ገፋሁት። ክሩን የበጠስሁት ለእሷ ብዬ ነው። ማተቡ ታይቶ እሷም ክርስቲያን መሆኗን እንዳያውቁባት።»

የሺመቤት ተነሣች። ክሩን ከሓቫ እጅ ወሰደችና ጭቃውን ሳትጠርግ አንገቷ ላይ ቋጠረችው።

«አንቺ ሴት፣ የሬሳ ነው እኮ» አሉ አባ ፈንታ።

«የወንድሜ ነው።»

የሺመቤት ፖሊሶቹ ይስራኤልን ይዘው እስኪወርዱ ጠበቀች፤ ከዚያ ደፉን ተሻግራ ኮቢ ጎን ቆመች። ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ተሰብስቦ ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጸለየች።

«የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው። ክርስቶስ ሆይ፣ የገብረ መድኅንን ነፍስ ተቀበል። እሱ እንደ ነበረ ተቀበለው።»

ኮቢ በሠፈሩ ሰው ፊት የዋሴን ስም አንሥቶ አያውቅም። አሁን ግን እስከዛሬ ያልሰማውን ያን የክርስትና ስም ጮክ ብሎ ደገመው።