የጤዛ ቀይ ዓይኖች

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ለዚያ ከኋላ ለቆመውም ቦታ ልቀቁለት እስቲ። የማወጋችሁ ፀሐይ መሬቱን አይታው ስለማታውቀው ጥቅጥቅ ደን፣ ስለ ኢላምራ መንግሥት ነው።

የኢላምራ ሕዝብ የዛፍ እንቁራሪቶች ነበሩ። ጣቶቻቸው ቅጠል ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ፤ ውሃ የሚጠጡትም በአፋቸው ሳይሆን በሆዳቸው ቆዳ ነው። ታላቁ ሕጋቸው «ቀን እግርህን እጠፍ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ቅጠል ሁን!» ይላል።

አንድ ክረምት ዝናቡ ቀረ። ከኩሬው በላይ በተንጠለጠለው ቅጠል ላይ የተለጠፉት የንግሥት ዙምራ እንቁላሎች ይደርቁ ጀመር።

«በታላቁ ዛፍ አናት ላይ፣ እባቡ ሻርጋ በሚጠብቀው የቅጠል ጽዋ ውስጥ፣ የአምናው ዝናብ አለ» አለች ንግሥቲቱ። «ማን ያመጣልኛል?»

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወጣቷ ጤዛ ግን በየምሽቱ እንቁላሎቹ ውስጥ ትናንሽ ጭራዎች ሲወራጩ ታይ ነበርና ዘልላ ወጣች።

«በተወለድኩበት ኩሬ እምላለሁ! ውሃውን በሆዴ ይዤ ሳልመለስ አልዘምርም!»

«እኔም አለሁ» አሉ አያ ድንቡል፣ በሆዳቸው ትልቅነት የታወቁት ሽማግሌ።

«አያ፣ ቅርንጫፉ ይችልዎታል?»

«እሱ ይጨነቅበት፤ አንቺ ምን አገባሽ!»

ሌሊቱን ሙሉ ዛፉን ሲወጡ አደሩ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሻርጋ ሳያያቸው፣ ጽዋው ውስጥ ተዘፍቀው ሆዳቸው እስኪነፋ ጠጡ። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ እነሱም እንደ ሕጉ ቅጠል ሥር ተለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ያደርጋል! የአያ ድንቡል ሆድ ተወጥሮ፣ ብርቱካናማ እግራቸው አልታጠፍ አለ።

ሻርጋ ምላሱን እያወናጨፈ መጣ።

«ቅጠል ደግሞ እግር አበቀለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ጤዛ ሰማችው። ቅጠል መስላ ብትቆይ እሷም በሆዷ የያዘችው ውሃም ይተርፋሉ። አያ ድንቡልስ? ሕጉን ጣሰችው። ዓይኖቿን ቦግ አደረገች፣ እንደ ፍም ቀይ! ከታጠፉ እግሮቿ ሥር የተደበቀው ሰማያዊና ቢጫ ጎኗም እንደ መብረቅ በራ። ያ ግዙፍ እባብ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ይዝለሉ አያ!»

ሽማግሌው ዘለሉ። እሷ ስትከተል ግን ሻርጋ የፊት እግሯን ጣቶች ቀርጥፎ አስቀረ።

እያነከሰች፣ አያ ድንቡልን ተደግፋ ወረደች። አመሻሽ ላይ ሁለቱም እንቁላሎቹ ላይ ተቀምጠው የያዙትን ውሃ አፈሰሱ። እንቁላሎቹ ረጠቡ፣ አበጡ፣ ተፈለፈሉ። ጭራ ያላቸው ጥቃቅን ልጆች ጠብ፣ ጠብ እያሉ ኩሬው ውስጥ ገቡ። ጤዛ ዘመረች፤ እየዘመረች ሳለም ዝናቡ መጣ።

ጣት የሌላት እንቁራሪት ግን ረጅም ዛፍ አትወጣም።

«ልጄ፣ ሰማዩን ወሰድኩብሽ» ብላ ንግሥቲቱ አለቀሰች።

«እመቤቴ፣ እዚህ ታች እኮ ልጆችዎ ሲንቦጫረቁ እሰማቸዋለሁ። ላይ ሆኜ መቼ እሰማቸው ነበር?»

አያ ድንቡልም በየምሽቱ ወርደው አጠገቧ ይቀመጣሉ።

«ቅርንጫፉ ቻለኝ አይደል?» ይሏታል።

«ችሎዎታል፤ ሲያቃስት ግን ሰምቼዋለሁ!»

እናንተም ልጆቼ፣ በቀን ቅጠል ሥር ተጣብቆ የተኛ አረንጓዴ ነገር ብታዩ አትቀስቅሱት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እለፉ፤ ስታልፉም ጤዛን አስታውሱልኝ፣ እሺ?