የተሸካሚዎቹ ሥዕል ግልባጭ

በፍርድ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዘይት ቀለም ሥዕል ቁመቱ ስድስት፣ ወርዱ ስምንት ክንድ ነበር፤ በግራ ራስጌው አሮጌው ገዥ በፈረስ ተቀምጠው፣ በቀኝ ግርጌው አምስት ተሸካሚዎች እስከ ደረታቸው ወንዝ ውስጥ ገብተው የድልድይ ድንጋይ ተሸክመው ይታያሉ። አጎንብሶ ፊቱ ከሥዕሉ ቀኝ ግርጌ ጥግ ላይ የዋለው የመጨረሻው ተሸካሚ የአንድ ካርታ ነዳፊ ታናሽ ወንድም ነበር፤ በተሣለ በዓመቱ ያው ወንዝ በላው፤ መልኩም ከዚህ ሥዕል በቀር የትም አልቀረም።

አሮጌው ገዥ በተሻሩ በሦስተኛው ወር፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አዲሱ ገዥ «የሻርነውን ሰው መልክ በአደባባይ አናይም፤ በዘጠናኛው ቀን ይቃጠል» ሲሉ አዘዙ።

«ዓይኔ ሳይጠፋ ልጄን አምጣልኝ» አለችው ለካርታ ነዳፊው እናቱ።

ካርታ ነዳፊውም ሥዕሉን የሠሩትን ሽማግሌ ለምኖ የዘይት ቀለም ይማር ጀመር፤ እንደ ሙያው በሥዕሉ ልክ የተወጠረ አዲስ ሸራ በአርባ ስምንት ካሬ ከፍሎ ከግራ ራስጌ ይገለብጥ ጀመር።

«ሰው እንደ አውራጃ ተሸንሽኖ ይሣላል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉንም በስሱ ቀባ፤ የወንድምህን ፊት አስቀድም!»

«እጄ ገና ጥሬ ነው፣ ጌታዬ። በፈረሱ ጭራ ልለማመድና ለወንድሜ የሠለጠነ እጅ ላምጣለት።»

አንዱን ካሬ በቀን ተኩል ቢጨርስ፣ አሥራ ስምንት ቀን እንደሚተርፈው አስልቷል። ክረምቱ ሲገባ ግን ዘይቱ አልደርቅ አለ፤ የትናንቱ ሳይጠነክር የዛሬውን ሲነካ ወሰኑ ይጨማለቅበታል፤ እርሱም ይህን አይወድምና እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

በዘጠናኛው ቀን ጧት ወታደሮች ገቡ።

«ሻምበል፣ አንዲት ቀን ብቻ ይስጡኝ!»

«ቀን የምሰጥ እግዜር ነኝ? ገለል በል፣ ወዳጄ።»

ሥዕሉን አውርደው አቃጠሉት። እናቱ የግልባጩን ሸራ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ዓይኗን አስጠግታ ፈለገች። «ትከሻው ይኸው። ፊቱስ?»

«አልደረስኩበትም፣ እማዬ።»

«አንድ ጡት ጠብታችሁ፣ አንድ ገበታ ቀርባችሁ! ከልብህ ቅዳው እንጂ!»

ስምንት ቀን ሞከረ። ብሩሹን ባነሣ ቁጥር የሚመጣለት፣ ለሁለት ሳምንት ሲለካው የሰነበተው የአራተኛው ተሸካሚ ፊት ነበር፤ ስምንት ጊዜም በቢላዋ ፋቀው። በዘጠነኛው ቀን ብሩሹን አጠበ፤ እናቱም ዳግመኛ አልጠየቀችውም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ያን ሸራ የተሻሩት ገዥ መልክ ብቸኛ ምስክር ነው ብለው አከበሩት፤ የልጓሙን ዘለበት ሳይቀር ቆጠሩ፤ ለማን ተብሎ እንደ ተሣለ የጠየቀ አልነበረም። በመዝገባቸው የሠፈረው ይህ ነው፦ አርባ ሰባት ካሬ የተጠናቀቀ፤ አንድ ካሬ የተፋቀ።