የአዲሷ ነርስ ጋውን

ሽማግሌው ድነው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ በተዘጋጁበት ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው አዲሷ ነርስ ናት።

ከአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ወደዚህ ግዙፍ ሆስፒታል ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። በስሟ የጠራት ግን አልነበረም፤ «አንቺ የጤና ጣቢያዋ» ነበር የሚሏት። አሁን ደግሞ የሟቹ የወንድም ልጅ ጣቱን ቀስሮ «አጎቴን የገደለችው እሷ ናት!» ሲል ከባልደረቦቿ መካከል አንድም ተው ባይ ጠፋ።

የተጠራችው መርማሪ አጭር፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠየቀች።

«የስኳር በሽታ የለባቸውም፤ ግን ኢንሱሊን ተወግተው ስኳራቸው ተሟጧል» አላት።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሳትጠየቅ ቀጠለች። «ደንግጣ ያወለቀችውን ጋውን ስፈትሽ ስሪንጁን ከኪሷ አገኘሁት። ቀድሞም አላማረችኝም ነበር!»

«የመድኃኒት ክፍሉን እርስዎ በዝርክርክነት ክፍት ትተውት ይሆናላ?» አለቻት መርማሪዋ።

ኃላፊዋ ደሟ ፈላ። «እኔ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ሐኪሞቹ እንኳ እኔን ለምነው ነው የሚያስከፍቱት። ለእሷማ ጭራሽ በሩን አላስረግጣትም!»

መርማሪዋ ጋውኑን አገላበጠች። ከዚያ ከሟቹ አጠገብ የተኛውን፣ አንደበቱ የተያዘውን በሽተኛ እጅጌ ገለጥ አደረገች። ክንዱ ላይ የጣቶች ምልክት ጠቁሯል። ወደ ወንድም ልጁ ዞረች።

«አጎትህ ትናንት ምን አሉህ?»

«‹ሳልወጣ ለዳይሬክተሩ የምነግረው ጉድ አለ› ብሎኝ ነበር። ኃላፊዋ ስትገባ ዝም አለ።»

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ባሉበት ሁሉንም በነርሶች ክፍል ሰበሰበቻቸው። አዲሷ ነርስ ብቻዋን በሩ ሥር ቆመች፤ አጠገቧ የቆመ የለም።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ውራጅ ነው። ያለው ኪስ አንድ ነው፤ እሱም ተተርትሯል። ስሪንጅ አይዝም። እንግዲህ ከኪሷ አገኘሁት ያለው ሰው ዋሽቷል።»

ሁሉም ወደ ኃላፊዋ ዞሩ።

«ኢንሱሊኑም የተቆለፈበት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ከአንገትዎ አይወርድም። ራስዎ ነገሩኝ። እርስዎ ያን መናገር የማይችል ሰው ሲደበድቡ ሽማግሌው አይተዋል። ለዳይሬክተሩ ሳይነግሩብዎ እርስዎ በኢንሱሊን አፋቸውን ዘጉ። ወንጀሉን የሚያላክኩባት ደግሞ ማንም የማይቆምላት ልጅ ነበረች።»

«ዕድሜዬን የጨረስኩበት ክፍል ነው!» ኃላፊዋ ጮኸች። «በአንድ ሽማግሌ ወሬ ተዋርጄ ልውጣ?»

ፖሊሶች ይዘዋት ወጡ። ዳይሬክተሩ ወደ አዲሷ ነርስ ዞሩ።

«ልጄ፣ በድለንሻል። ዛሬ ቤትሽ ሄደሽ እረፊ።»

«ክንዱ የጠቆረውን በሽተኛ ማን ያየዋል?»

ነርሶቹ መሬት መሬት አዩ። እሷም ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ክፍሉ ገባች። በሽተኛው የሰው ኮቴ ሲሰማ ፊቱን በክንዱ ጋረደ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጁን ራሱ እስኪያወርድ ድረስ ጠበቀችው።