ባለ ሁለት ጥላው ግንበኛ

ሰዓት ሠሪው መጽሐፍ ታቅፎ ነው የሞተው። ከማንበቢያ ወንበሩ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ግድግዳውን ሞልቶ የነበረው መደርደሪያ ከላዩ ተገንድሶ ከሁለት መቶ የማያንሱ መጻሕፍት ተከምረውበታል። በክንዱ ያቀፈው ወፍራም መጽሐፍ ሽፋን ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ተስሏል።

«ንባብ ገደለው» አለ የጣቢያው አዛዥ፣ በራሱ ቀልድ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ሃያ ዓመት አብራው ስትሠራ በዚህ ሰውዬ ቀልድ ስቃ አታውቅም። ቁመቷም ንግግሯም አጭር የሆነ ኮስታራ ሴት ናት። ከቦርሳዋ የሕዋ ጉዞ ልቦለድ አይጠፋም፤ ባልደረቦቿ እንዳይዘባበቱባት ግን በጋዜጣ ትለብጠዋለች። በዚህ ታፍራለች፤ በማፈሯም ትናደዳለች።

ሐኪሙ ነገሩን አሳጠረው። ሟቹን የገደለው መደርደሪያው አልነበረም። ከኋላው ቆሞ መጻሕፍቱ በሚደገፉበት ብረት ማጅራቱን የመታው ሰው አለ፤ መደርደሪያው የተጎተተው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው።

አዛዡ ገዳዩን ይዞ ጨርሷል። ምድር ቤት የተከራየው ፋርማሲስት እጁ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ደረጃው ላይ «እገልሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ ክሱን እፈርማለሁ» አላት አዛዡ።

መርማሪዋ ከፋርማሲስቱ አጠገብ ተቀመጠች። «እገልሃለሁ ብለኸዋል?»

«ብያለሁ። ጓደኛዬ ነበር፤ ብያለሁ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አዲስ የወንጀል ልቦለድ ጀምሬ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ገና ገጽ ሃያ ላይ ነኝ። ደረጃው ላይ አግኝቶኝ ‹ገዳይዋ ምግብ አብሳይዋ መሆኗን ደረስክበት?› አይለኝ መሰለሽ!»

«ገጽ ሃያ ላይ?»

«ገጽ ሃያ!»

«እኔም እገልሃለሁ ነበር የምለው» አለች መርማሪዋ። «ሰሞኑን እሱ ምን ያነብ ነበር?»

«‹የዘንዶው ሰባት በሮች›ን። ሁለተኛው ቅጽ ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር። ሦስተኛውን ገዝቶ አስቀምጦ ምራቁን ይውጣል።»

«ታቅፎ የተገኘው ሦስተኛውን ነው።»

ፋርማሲስቱ መታሰሩን ረስቶ ብድግ አለ። «ሁለተኛውን ሳይጨርስ? እሱ? ሞቶም አያደርገው!»

ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ሬሳውን ያገኘችው ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጁ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቋ ውስጥ ሙሽሮች ስትለካ ነበር፤ ሦስት ሙሽሮች ይመሰክሩላታል። የሟቹ እህት ጥርሷን ስታስነቅል ውላ ጉንጯ አብጧል፤ የክሊኒኩ ወረቀት በእጇ ነው። ከቤቱ የተሻለውን ወንበር የያዘው የእህትየው ባል ነው፤ ጋዜጦች «ሊቁ» የሚሉት ሐያሲ። ሠላሳ ዓመት የሰው ድርሰት ሲያብጠለጥል ኖሮ ባለፈው ዓመት «ዝምተኛው ግንበኛ» የተባለ ልቦለድ አሳተመ፤ ቅዳሜ ሊሸለም ነው። የቆዳ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዟል።

«ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ስጽፍ። እዚህ የመጣሁት ሲደወልልን ነው» አለ አፍንጫውን ነፍቶ። «የዚያን ክፍል ደጃፍ ከረገጥሁ ዓመት አልፎኛል። ልጄ፣ ሟቹ መልካም ሰው ነበር፤ ግን ዕድሜውን ዘንዶና መንኮራኩር ሲያሳድድ ፈጀው። ገለባ ነው። ሁሉም አንድ ነው፤ ከየትኛውም ቢጀመር ለውጥ የለውም።»

«አንዱን እንኳ አንብበው ያውቃሉ?»

«ስድብ ነው!» አለና ፊቱን አዞረ።

መርማሪዋ ሰው እንዲህ ሲንቅ አይታ አታውቅም። ደሟ ፈላ፤ ግን ንቀት ማስረጃ ስላልሆነ ትታው ወጣች።

ልጅቷ ኮሪደር ድረስ ተከተለቻት። «አንድ ነገር ልንገርሽ። አባዬ ዛሬ ጠዋት ደስታ ሊያሰክረው ደርሶ ነበር። ‹ቀን እንግዳ አለኝ፤ ለካ ከቤታችን ውስጥም የኛ ሰው አለ› አለኝ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው ‹ቅዳሜ ትሰሚያለሽ› ብሎ ሳቀ።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ መደርደሪያውን ቀጥ አድርጋ አስቆመች። ሰዓት ሠሪው እያንዳንዱን መጽሐፍ ጀርባው ላይ በደቃቅ አኃዝ ቁጥር ሰጥቶታል፤ እሷም በቁጥራቸው ትደረድራቸው ጀመር።

«ኢንስፔክተር፣ ጽዳት ሠራተኛ ሆነን ቀረን እንዴ?» አለ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀረው አስር አለቃ፣ ወገቡን ይዞ።

«አቀብለኝ።»

ሁለተኛው የዘንዶ ቅጽ ከክምሩ መካከል ተገኘ፤ ግማሹ ላይ የሰዓት ማሰሪያ ቆዳ በምልክትነት ገብቶበታል። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ቁጥር ላይ መጻሕፍቱ አለቁ። አርባ ሰባተኛው ግን የለም።

ልጅቷን ጠራቻት። «አርባ ሰባት ምንድን ነው?»

«‹ጥላ የገነባው ሰው›። ልጅ ሳለሁ ያነብልኝ ነበር። ፀሐይ ስለማትጠልቅበት ዓለም ነው።»

መርማሪዋ መጽሐፉን ታውቀዋለች። በተማሪነቷ ዴስክ ሥር ደብቃ ነው ያነበበችው፤ ታሪኩ አንድም ሳይጎድል መጣላት። ከዚያ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደች። ከትንንሾቹ መፍቻዎች አጠገብ «ዝምተኛው ግንበኛ» ተቀምጧል፤ «ለአማቼ፤ ምናልባት ይህ ቁም ነገር ያስተምርህ ይሆናል» ይላል የደራሲው ፊርማ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ሟቹ በእርሳስ የጻፈውን አነበበች። መጽሐፉን ዘግታ በክንዷ ያዘችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፋርማሲስቱ ካቴናውን እንዳጠለቀ በሩ አጠገብ ቆመ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል።

«በመጽሐፉ እጀምራለሁ» አለች። «ሟቹ ሁለተኛውን ቅጽ ገና አልጨረሰም። እጁ ላይ የተገኘው ሦስተኛው ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ የሚወድ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ቅጽ አይዘልልም። ስለዚህ ሦስተኛውን ያሳቀፈው ሌላ ሰው ነው፤ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ የሚመስሉት ሰው። ፋርማሲስቱ ቢሆን ሁለተኛውን ያሳቅፈው ነበር። ልጅቷም እንደዚያው።»

«በመጽሐፍ ቅጽ ሰው ልትፈቺ ነው?» አለ አዛዡ።

«አልጨረስኩም። መደርደሪያው ለምን ወደቀ? ክፍት ቦታ እንዳይታይ ነው። አንድ መጽሐፍ ተሰርቋል።» ወደ ሐያሲው ዞረች። «ጌታዬ፣ ልቦለድዎን ገና አሁን ነው ያየሁት። አንድ ነገር ያስረዱኝ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ግንበኛው በረሃ ውስጥ ቆሞ ‹ሁለቱ ጥላዎቹ በግራና በቀኙ ተዘረጉ› ይላል። አንድ ሰው እንዴት ሁለት ጥላ ይኖረዋል?»

ሐያሲው ፊቱ በራ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። አንደኛው ጥላ ሰው የሆነው ነው፤ ሁለተኛው ሊሆን የተመኘው። የተከፈለች ነፍስ ምሳሌ ናት። ሁለት ጥናት ተሠርቶባታል።»

«እኔ ደግሞ የማውቀው ግንበኛ ሁለት ጥላ የነበረው ሁለት ፀሐይ ስለነበረ ነው» አለች መርማሪዋ።

ፋርማሲስቱ አፉን ከፈተ፤ ገብቶታል።

«ከሌላ ዓለም ነጥቀው ወደ በረሃ ሲያመጡት አንዷን ፀሐይ ሰረዟት፤ ጥላዋን ግን ረሷት። እነዚያ አጥኚዎችም በስህተትዎ ላይ ነፍስ ዘሩበት።» ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። «አስር አለቃ፣ የጌታውን ቦርሳ ክፈት።»

«አትንካኝ!» ሐያሲው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አጣበቀ። አስር አለቃው ወገቡን ረስቶ በአንድ ጊዜ መነጨቀው። ከሁለተኛ መጽሐፉ የአሳታሚ ውልና ከሌሎች ወረቀቶች መሐል ያረጀ ትንሽ መጽሐፍ ወጣ፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ አኃዝ አርባ ሰባት ተጽፏል፤ ጠርዙም ላይ የደረቀ ደም አለ።

መርማሪዋ ገለጥ አደረገችው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል። ምልክቱ ግማሹ ላይ ያበቃል።

«ለምን አላቃጠለውም?» አለ አዛዡ ግራ ተጋብቶ።

«ከዓመታት በፊት ደብቆ ወስዶ ግማሹን ገልብጦ መልሶታል። አሁን ሁለተኛ መጽሐፍ ለአሳታሚው ቃል ገብቷል፤ የዚህ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ገና አልተገለበጠም። ከራሱ አንድ መስመር ማውጣት የማይችል ሰው ይህን እንዴት ያቃጥል?»

እህትየው ባሏን አየችው። ባበጠ አፏ፣ «በር ዘግተህ ‹ዝም በሉ፣ ልጽፍ ነው› የምትለው... ይሄን ነበር?» አለች። ሐያሲው ፊቱን ወደ አዛዡ አዞረ።

«ሊያጋልጠኝ ነበር» አለው። «ስሜን ሊያጠፋ...»

«ሐሰት ነው» አለች መርማሪዋ። የሟቹን «ዝምተኛው ግንበኛ» ከመጨረሻው ገጽ ገልጣ የእርሳሱን ጽሑፍ አነበበች። «‹ሁለት ጥላ! ወዲያው ነው ያወቅኩት። ለካ አንተም ትወዳቸዋለህ! ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዬን መስሎኝ። ቅዳሜ ተነሥቼ መጽሐፉን እያሳየሁ አማቼ የኛ ሰው ነው ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ። ሌሎቹንም አውስሃለሁ።›»

ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች።

«መስረቅ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም!» ሐያሲው ጮኸ፤ ያ ሁሉ ግርማው ከላዩ ወልቆ ነበር። «ሌባ ብሎ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! መጽሐፉን እጄ ላይ አስቀምጦ አቅፎ ሳመኝ። ‹እኔና አንተ አንድ ነን› አለኝ። እኔና እሱ! ያን ሁሉ ታላላቅ ሰው ሰብስቤ፣ እንደዚህ ያለ ሰው ተነሥቶ ‹የኛ ነው› ሊለኝ! ሌላ መጽሐፍ ሊያወርድልኝ ሲዞር...»

አዛዡ አንገቱን ደፍቶ የፋርማሲስቱን ካቴና ፈታ፤ ያንኑ ካቴና በሊቁ እጅ ላይ አጠለቀው። ፋርማሲስቱ ልጅቷ አጠገብ ሄዶ ቆመ፤ ትከሻዋን ያዘ።

መርማሪዋ የምርመራ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሐያሲው ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ» ማለቱ ቀርቷል።

«እመቤቴ፣ ገድሏል ብለው ይጻፉ፤ እፈርማለሁ። በቁጣ ነው ይበሉ፣ በቅናት ነው ይበሉ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቧል ብለው ግን አይጻፉብኝ፤ እባክዎን።»

«የምጀምረው ከእሱ ነው» አለችና የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች።