በኅዳር ያበበው ሊላክ

ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጨለማም አትጠብቁ። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሜሪካ፣ ዱሉዝ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ውስጥ፣ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ።

እዚያ በየሳምንቱ ልብ ወለድ የምንጽፍ ሰዎች እንሰበሰባለን። የምንጽፈው ስለ ድሮ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ፈረሰኛና ስለ ዘንዶ ነው። ሳቁብን፤ የገዛ ቤተሰቦቻችንም ይስቁብናል።

አንድ ሕግ አለን። ጽሑፉ የተነበበ ሰው፣ ሌሎቹ አስተያየታቸውን ሰጥተው እስኪጨርሱ አይናገርም።

ቢሰደብም ዝም። ቢያለቅስም ዝም።

እህቴ ሶልቪግ በዚህ ሕግ ዝም ብላ ተቀምጣ ነው የተዋረደችው።

በእሷ ልብ ወለድ ውስጥ ንግሥቲቱ መናገር ተከልክላለች። ስለዚህ በአበባ ትናገራለች። ላቬንደር የሚባለውን መዓዛማ አበባ ከላከች «አላምንህም» ማለቷ ነው። ጤና አዳም ከላከች «ትጸጸታለህ»። የመነኩሴ ቆብ የሚመስለው ያ መርዘኛ ሐምራዊ አበባ ከመጣ ደግሞ «ጠላትህ አጠገብህ ነው»።

እነዚህን ማንም ሰው ከድሮ መጻሕፍት ሊለቅማቸው ይችላል። ሊላክ፣ ያ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ የቁጥቋጦ አበባ፣ ግን የኛ ነበር።

ልጆች ሳለን አባታችን ሰክሮ የገባ ቀን እናታችን መስኮቱ ላይ ሊላክ ታስቀምጥልናለች። አበባው ሲኖር አበባውን፣ ሳይኖር ደረቁን ዝንጣፊ። «አትግቡ» ማለቷ ነው። ያኔ ጎረቤት ሄደን እናድራለን። ከእናታችንና ከሁለታችን ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የቡድናችን አለቃ ዌንደል ይባላል። ያን ቀን የሶልቪግን ገጾች በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይሄ የአበባ ነገር የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ጣይው» አላት።

ሶልቪግ ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። ደብተሯን እንኳ አላነሳችም። በዚያው ክረምት የሳንባ ምች ገደላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዌንደል መጽሐፍ ታተመ።

ገዛሁት። ገጽ አርባ ላይ ስደርስ ንግሥቲቱ ለልጆቿ መስኮት ላይ ሊላክ አስቀመጠች። ይህን ሶልቪግ ትታው ከሄደችው ደብተር በቀር ከየትም ሊያገኘው አይችልም።

ደሜ ፈላ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩት።

የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያው ጠረጴዛ፣ በራሱ አፍ፣ «መጽሐፉ የሶልቪግ ነው» እንዲል።

ዌንደል በዚያ ሰሞን ሁለተኛውን ቅጽ ማስነበብ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ በየቅዳሜው አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ይቀመጥልኛል ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀድሜ ገብቼ እሱ ከሚቀመጥበት ፊት አንዲት የላቬንደር ዘለላ አኖርኩ። አየና ፈገግ አለ። አድናቂ የላከለት መሰለው መሰለኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጤና አዳም አኖርኩ።

ፈገግታው ጠፋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግን... ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ ነገር ከነከነኝ።

እኔ ያኖርኩት አንድ ዘለላ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው።

ሎይስ ጋ ደወልኩ። ሎይስ ዕድሜያቸውን ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከእኔና ከዌንደል ሌላ የቀሩት አባል እሳቸው ብቻ ናቸው። አበባ እንደሚያስነጥሳቸውና በእጃቸው እንደማይነኩት ነገሩኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ልጄ... የእህትሽን ወንበር ማን መለሰው?»

ያን ወንበር ካወጣነው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ኅዳር አጋማሽ ላይ ነበር። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሯል። ተራው የመርዘኛው አበባ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁና ባዶ እጄን ሄድኩ።

በሩን ስከፍት ሸተተኝ።

ሊላክ...

ጠሉ ያልደረቀ ትኩስ ሊላክ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። በኛ አገር ሊላክ የሚያብበው በግንቦት መጨረሻ ነው።

ወንበሮቹን ቆጠርኩ። አራት።

ዌንደል ገባ። አበባውን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ግን ኩራቱ አላስመልስ አለውና ተቀመጠ። ገጾቹ ተነበቡ። ሎይስ አስተያየታቸውን ጀመሩ፤ ሦስት ጊዜ አስነጥሰው፣ ምዕራፉ ረዝሟል ብለው ጨረሱ።

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ምዕራፉ አንድም ቃል አላወራሁም።

«ዌንደል» አልኩት፤ «መጽሐፉ የማን ነው?»

ዝም።

«እኔ ጨርሻለሁ። ሎይስም ጨርሰዋል። አሁን መናገር ትችላለህ።»

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ «ሶ...» ሊል ክብ ሲሠራ አይቻለሁ። መጽሐፉን ከገዛሁ ጀምሮ የጠበቅኩት ቃል ምላሱ ላይ ነበር።

ያኔ ሎይስ ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አሁን... ‹ገና አልጨረስኩም› ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ዌንደል አራተኛውን ወንበር እያየ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። የመቀመጫው ትራስ ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

ቀስ ብሎ አፉን ዘጋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዌንደል አልተናገረም። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ደህና ነው ይላሉ። ባለቤቱ እንደነገረችኝ በየጠዋቱ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ጥግ ያይና እንደ ጨዋ ተማሪ መልሶ ይዘጋዋል። እስክሪብቶ ብትሰጠውም አይነካም።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም። በኋላ ነው የገባኝ። ያን ቃል ሊናገር የሚችለው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ አይናገርም። መጽሐፉ ዛሬም በስሙ ይሸጣል። እህቴ ፍርዱን ከእጄ ወሰደችው።

ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እናንተንም እስካሁን ደበቅኳችሁ።

ያን ቀን ዌንደል «የሕፃን ጨዋታ» ሲላት... እኔም ስቄያለሁ። ሶልቪግ ዞር ብላ ያየችው እሱን አልነበረም። እኔን ነው።

ባለፈው ሳምንት የዌንደል ባለቤት ከባሏ መሳቢያ ውስጥ ያገኘችውን የሶልቪግን ደብተር ላከችልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእህቴ እጅ ጽሑፍ የሦስታችን ስም ሰፍሯል። መቼ እንደጻፈችው አላውቅም፤ ደብተሩን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም። በዌንደል ስም አንጻር የመርዘኛው አበባ ደርቆ ተለጥፏል። ያን ቀን እያዩ ዌንደልን ባላስቆሙት በሎይስ ስም አንጻር ነጭ ጽጌረዳ፤ ከሥሩ «ይቅር ብያለሁ» ይላል።

በእኔ ስም አንጻር ምንም ቃል የለም። አንዲት ትንሽ ግራጫ አበባ ብቻ ተለጥፋለች። አበባ ሻጮች ዘንድ ወስጄ አሳየሁ፤ ማንም አያውቃትም። ምን ማለት እንደሆነች የሚነግረኝ አጣሁ።

ደብተሩ ከሁለት ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ኖሯል። እሷ ግን አልደረቀችም።

ሥር አውጥታለች። እንደ ክር የቀጠነው ሥሯ ወረቀቱ ላይ የስሜን ፊደላት አንድ በአንድ እየተከተለ ይሄዳል።

ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ገልጬ አየሁት... ስሜን ለመጨረስ ሁለት ፊደል ቀርቶታል።